የማዶ ደም

ወንድሜ ከሰላም ማስከበር የተመለሰው ጥቁር መነጽር አድርጎ፣ ደረቱ ላይ ሜዳልያ ሰክቶ ነው። እናታችን ከማንኩሳ ወጣ ብሎ ካለው መንደራችን አስፋልቱ ድረስ ወርዳ እልል አለች። እኔም ፍኖተ ሰላም የማስተምርበትን ክፍል ለጓደኛዬ ትቼ መጥቼ ነበርና አብሬ እልል አልኩ። ያንን እልልታ ዛሬ ባገኘው መልሼ እውጠው ነበር።

ታላቄ ስለሆነ ጋሼ ነው የምለው። ድንበር ማዶ፣ እርስ በርሷ ስትታመስ በኖረች አገር፣ ከሌሎች ወታደሮቻችን ጋር የውኃ ቦቴ ሲነዳ ከርሟል። እንደመጣ የአባታችንን ጎጆ አፍርሶ የቆርቆሮ ቤት ሠራ፣ ጥማድ በሬ ገዛ፣ ገበያ ሲወጣ ወንበር የሚለቀቅለት ሰው ሆነ። ወሬው ግን ያስመርረኝ ነበር። የከረመበትን አገር ሰዎች በስማቸው አይጠራቸውም፤ "እነዚያ" ነው የሚላቸው። "እነዚያ ሥራ አይወዱም። እነዚያ ልጆቻቸውን ከመንገድ ላይ አይሰበስቡም።"

"መንገዱ የማን ሆነና ነው ከላዩ ላይ የሚሰበስቧቸው?" አልኩት አንድ ቀን።

ሳቀብኝ። አስተማሪ መሆን አንጎል ያደርቃል አለ።

እኛ ቤት ስለ መንገድና ስለ ልጅ እንደዚያ ማውራት ነውር ነው። ታናሽ እህታችን የሞተችው መንገድ ላይ ነውና። ወደ ደምበጫ በሚወስደው አስፋልት ዳር ለአውቶቡስ ተሳፋሪ የተጠበሰ በቆሎ ስትሸጥ አንድ የጭነት መኪና ገጭቷት ሄደ። አልቆመም። ጋሼ ያኔ ጢሙ ገና ማቀምቀም ጀምሮ ነበር፤ ድንጋይ አንሥቶ መኪናው ከዓይን እስኪሰወር ተከትሎ ሮጠ። ሲደክመው የወረወረው ድንጋይ ያረፈው አስፋልቱ ላይ ነው። ከቀብር መልስ ያንን ሹፌር ሳልገድል ሚስት አላገባም ብሎ ሊምል ሲል እናቴ አፉን በመዳፏ ያዘችው።

"ሰው ነው፤ ደንግጦ ነው የሸሸ። አንድ ቀን ሽማግሌ ይልካል" አለች።

በእኛ አገር ሰው የገደለ፣ አስቦም ይግደል ሳያስብ፣ ሽማግሌ ልኮ፣ ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ ከሟች ወገን ፊት ይወድቃል። ያንን ድንጋይ ሊያነሣለት የሚችለው የሟች ወገን ብቻ ነው። ካነሣለት ደሙ ደረቀ ይባላል፤ ከዚያ በኋላ አብሮ መብላት፣ አብሮ መጠጣት፣ ልጅ መሰጣጣት አለ። ካላነሣለት ባለደሞች ናቸው፤ ከአንድ ገበታ አይቆርሱም። ዳኛ ቢያስረውም ቢፈታውም ይህ አይቀርለትም።

እናቴ ያንን ሹፌር ጠበቀችው። ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎች ከሩቅ ባየች ቁጥር የያዘችውን ሥራ ጥላ ትነሣና ደጃችን ላይ ያለውን የጭቃ መደብ ትጠርጋለች፤ ሲመጡ የሚቀመጡበት ነው። ወደ ሌላ ሰው ቤት ሲያልፉ መጥረጊያውን ጥግ አስይዛ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። እኔ ይህን እያየሁ አደግሁ፤ ጋሼም እያየ አደገ። ሰው ሞኝ ናት ይላት ነበር። ሞኝነት ይሁን ትዕቢት እስከ ዛሬ አልለየሁትም፤ ይቅር የሚባል ሰው እንዲመጣላት የምትፈልገውን ያህል እህል እንኳ የምትፈልግ አይመስለኝም።

ጋሼ ቤቱን ከሠራ በኋላ ቡሬ አካባቢ እጮኛ ተገኘችለት። አባቷ አገር ያወቃቸው ደም አስታራቂ ናቸው። በዚያ ዙሪያ የተገዳደለ ሁሉ የሚታረቀው በእሳቸው እጅ ነው፤ ፊታቸው የወደቀውን ድንጋይ የሚቆጥር የለም። እንዲህ ካለ ቤት ማግባት ለእኛ ሹመት ነበር። ሠርጉ ለጥር ተቆረጠ። ጌሾው ተወቀጠ፣ ጠላው ተጠነሰሰ።

አስታራቂው እኛ ቤት ለመጡበት የቃል ኪዳን ምሳ ጋሼ አብሮት የዘመተ አንድ የደምበጫ ሰው ጠራ፤ ሚዜ ሊያደርገው ነው። ሰውዬው ጠላ ሲያገኝ ምላሱ የሚፈታ ሆኖ ተገኘ። ጋሼን ሊያወድስልን ብሎ ጀመረ።

"ይሄ ወንድማችን ዕድለኛ ነው። ልጅቷን የገጨ ዕለት ሌላ ሰው ቢሆን እዚያው ቀልጦ ይቀር ነበር።"

ጋሼ በእግሩ ጎሸመው። አስታራቂው ግን ዋንጫቸውን መሬት አስቀምጠው ነበር።

"የቷን ልጅ?" አሉ።

ነገሩ ከዚያ በኋላ ከሁለቱ አፍ በቁራጭ በቁራጭ ወጣ። ከቦቴው ቧንቧ የሚንጠባጠበውን ውኃ ለመቅዳት የዚያ አገር ልጆች ጀሪካን ይዘው መኪናውን ይከተላሉ። አንዷ ቀድሜ ልቅዳ ብላ መንገዱን አቋርጣ ገባች። ጋሼ ገጫት። አልቆመም፤ ወደ ካምፑ ነድቶ ገባና በሩ ተዘጋ። በማግስቱ ሰዎቿ ሬሳዋን በጨርቅ ጠቅልለው አምጥተው ከካምፑ በር ፊት አስቀመጡት። አባቷ አጠገቡ ተቀመጠ። አንድ መኮንን ከአስተርጓሚ ጋር ወጥቶ በሁለቱ መንግሥታት መካከል ስምምነት አለ፣ የእኛን ወታደር የእናንተ ዳኛ አይዳኘውም፣ ጉዳዩ በራሱ አገር ይታያል አላቸው። ሰዎቹ እዚያው ፀሐይ ላይ ዋሉ። ሬሳው መሽተት ሲጀምር አንሥተው ሄዱ። ጋሼን በአውሮፕላን ወደ አገሩ መለሱት። እዚህ ደግሞ ምን አደረግህ ብሎ የጠየቀው የለም፤ ዘምተው ከተመለሱት ጋር አሰልፈው ሜዳልያ ሰጡት።

"ለምን አልቆምክም?" አሉት አስታራቂው።

"ትእዛዝ ነው። ሰው ከገጫችሁ አትቁሙ፣ ሕዝቡ ከነመኪናው ያቃጥላችኋል ተብለናል።"

"ይሁን። ከዚያ ወዲያስ? ታርቀሃል?"

"ከማን ጋር ነው የምታረቀው አባቴ? ስምምነት አለ አልኩዎት እኮ።"

"ስምምነቱን የተዋዋለው ማን ነው?"

"መንግሥት ከመንግሥት ነዋ።"

"የሟቿ አባት አለበት?"

እናቴ የጠላ ማሰሮ ይዛ ከእንግዶቹ መካከል ቆማ ነበር። ድምፅዋ ቀስ ያለ ነው ሁልጊዜ።

"ዞረህ አይተሃታል?" አለችው።

"በመስታወት አየኋት።"

"ታዲያ?"

"ታዲያማ ነዳሁ።"

መቅዳቷን ቀጠለች። የእንግዶቹን ዋንጫ ሁሉ እየዞረች ሞላች፤ የእሱን አልፋው ሄደች። እንግዳው ሁሉ አየ፤ እንዳላየ ሆኖ ጠጣ።

እንግዶቹን ልንሸኝ ስንወጣ ጋሼ ወደ ኋላ ቀርቶ ከእኔ ጋር መሄድ ጀመረ። ይጸጸታል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን ሌላ ነገር ነበር የሚያስበው።

"ታውቂያለሽ፣ ያንን ሹፌር አሁን አልጠላውም" አለኝ። "ያኔ ነገሩ አልገባኝም ነበር። መቆም ማለት እኮ ከባድ ነው።"

በጥፊ ልለው እጄ ተነሥቶ ነበር። ታላቄ ነውና መለስኩት። ያን ቀን ወንድሜን ጠላሁት፤ ከዚያ የበለጠ የጠላሁት ደግሞ ያልዋሸ መሆኑን ነው። መቆም ከባድ መሆኑን እኔም አላጣሁትም። ግን እህታችንን ከአስፋልት ላይ ያነሣው እሱ ራሱ ነው፤ ነጠላውን አውልቆ የሸፈናትም እሱ ነው።

አስታራቂው ቡሬ ከመግባታቸው መልእክት መጣ፤ ደም ወዳለበት ቤት ልጄን አልሰጥም ብለዋል። ጥሩ አሉ ብዬ ደስ አለኝ። ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም። ጠላው ተጠንስሷል፣ ሰው ተጠርቷል፣ የቆርቆሮው ቤት ደግሞ ከሩቅ ያብለጨልጫል። ደም አስታራቂም የሴት ልጅ አባት ነው። ወዲያው ሁለተኛ መልእክት ተከተለ፦ የሟቿ ወገን ማዶ ነው፤ እነሱ አይመጡም፣ እኛም አንሄድም፤ ስለዚህ ወኪል ይቁምላትና ደሙ እዚሁ ይድረቅ።

ወኪል የሚሆነው ማን እንደሆነ ስሰማ ጆሮዬን ተጠራጠርኩ። ቡሬ ውስጥ የበቆሎ ጆንያ እየተሸከመ የሚያድር፣ ከቆላው የመጣ አንድ የቀን ሠራተኛ አለ። ቆዳው በጣም ጥቁር ነው። ሽማግሌዎቹ የመረጡት በዚሁ ብቻ ነው። ከማዶው አገር ጋር አንድ ዘር ሳይሆን አይቀርም አሉ። ሰውዬው የራሳችን አገር ሰው ነው፣ ከዚያች ልጅ ጋር የሚያገናኘው የለም ብዬ ለእናቴ ብነግራት ከምትለቅመው ጤፍ ላይ ቀና አላለችም።

"ማን ያንሣለት ታዲያ?" አለች።

"ማንም። እንደተሸከመው ይኑር።"

"አንቺ ጨካኝ ነሽ" አለችኝ። ይህን ያለችው እሷ ናት።

መንገዱ ሰላም የሆነ ሰሞን ተጠብቆ ከመንደራችን ቤተ ክርስቲያን አጥር ውጪ፣ ከዋርካው ሥር ተሰበሰብን። የገዳይ ወገን ብለው እናቴንና እኔን ከዘመዶቻችን ጋር በአንድ በኩል አስቀመጡን። በሌላው በኩል፣ ለሟች ወገን በተነጠፈው አጎዛ ላይ፣ ያ ሠራተኛ ብቻውን ተቀምጧል። አዲስ ጋቢ አልብሰውታል። የበግ ሥጋ ያለበት ምሳም ቃል ገብተውለታል። ትከሻው ጆንያ የለመደ ስለሆነ ጋቢው እየተንሸራተተ ያስቸግረው ነበር።

ጋሼ ነጠላውን ወገቡ ላይ አሸርጦ፣ በባዶ እግሩ፣ ከወንዝ የወጣ የወፍጮ መጅ የሚያህል ጥቁር ድንጋይ አንገቱ ላይ ይዞ መጣ። መነጽሩን አውልቋል። መጥቶ በግንባሩ ተደፋና ድንጋዩ ከማጅራቱ ላይ አረፈ። ወገን ሆነው ሲያዩት አንጀት ይበላል፤ እኔ እንኳ ዓይኔ ውኃ አቀረረ።

አስታራቂው ተነሥተው ስለ እግዚአብሔር፣ ስለ ማርያም ብለው የተለመደውን ተናገሩ። ከዚያ ወደ ሠራተኛው ዞሩ።

"በል ወንድሜ፣ ይቅር ብያለሁ በልና አንሣለት።"

ሠራተኛው አልተነሣም።

"አባቴ፣ መንገድ ላይ ነው ነገሩን የነገሩኝ" አለ። አማርኛው ከእኛ የተለየ አይደለም። "እኔ የሟቿን አገር አላውቀውም። ኢትዮጵያ ነው የተወለድኩት፤ ከቡሬ ወደ ቆላ ሲወርዱ።"

"እናውቃለን። ወኪል ነህ።"

"ማን ወከለኝ?"

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ይህ ሰውዬ ምሳውን አይፈልግም እንዴ ብሎ አጉረመረመ። ሠራተኛው ሰማው።

"ያልሞተብኝን ሰው ደም ይቅር ብል፣ የሞተበት አባት እርግማን ልጆቼ ላይ ይወርዳል። እናንተ ደም ታውቃላችሁ ሲባል ነበር የምሰማው።"

ጋቢውን አውልቆ በደንብ አጠፈው፤ ከአጎዛው ላይ አስቀምጦት፣ ለአስታራቂው እጅ ነሥቶ ወደ አስፋልቱ ሄደ። ምሳ ብላ ያለው የለም።

"እነዚያ ሲባሉ ውለታ አያውቁም" አለ የአክስቴ ባል።

የሟች ወገን ቦታ ባዶ ሆነ። ጋሼ መሬት ላይ ነው፤ ድንጋዩ ማጅራቱ ላይ ነው። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ይተያያሉ። ከዚያ እናቴ ከአጠገቤ ተነሣች። ነጠላዋን አስተካከለች፤ ቦታውን ተሻግራ ሄዳ ሠራተኛው የለቀቀው አጎዛ ላይ ተቀመጠች።

"እመቤቴ፣ ያ የሟች ወገን ቦታ ነው" አሏት አስታራቂው።

"አውቃለሁ። ስጠርገው ኖሬያለሁ።"

"እርስዎ እኮ የገዳይ እናት ነዎት።"

"ልጄን ገጭቶ የሄደ ሹፌር አለ። ስጠብቀው መኖሬን አገር ያውቃል። ይኸው ድንጋይ ተሸክሞ መጥቷል" አለች።

በሕዝቡ መካከል የእፎይታ ድምፅ ተሰማ። አስታራቂው ራሳቸው ዓይናቸውን ጠረጉ። የሟችም እናት ነበረችና አይደለሽም ሊላት የቻለ የለም። ልታነሣለት ነው ብዬ አለቀስኩ። ለጋሼ ብዬ አልነበረም፤ ለእሷ ነው። ጎንበስ ብላ እጇን ድንጋዩ ላይ አደረገች።

"ለማን ብለህ ነው የተሸከምከው?" አለችው።

"ልታረቅ ነው እማዬ" አለ፤ አፉ አፈር ነክቶ ነበር።

"ከልጅቱ ሰዎች?"

"ከ... እንግዲህ ከሁሉም።"

"ሠርጉ ባይኖር ትሸከመው ነበር?"

አዎ ቢል ታነሣለት ነበር። ይህን እናቴን በማውቃት ያህል አውቀዋለሁ። ሁላችንም አዎ በል እያልን በልባችን እንጮህ ነበር፤ አስታራቂውም ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። አንዲት ቃል ናት፤ ደግሞ ሰው በሠርጉ ዋዜማ ብዙ ይዋሻል። ጋሼ ግን አላላትም። እስከዚያ ቀን በስምምነቱና በትእዛዙ ሲከላከል የነበረ ሰው በዚያች ሰዓት መዋሸት አቃተው። እንደተደፋ ቀረ።

እናቴ እጇን ከድንጋዩ ላይ አነሣች።

"አላነሣም" አለች።

ለመኗት። ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው መጡ፤ ተሳለመችና እንደነበረች ሆነች። ሌላ ሰው ሊያነሣለት ደግሞ ሥርዓቱ አይፈቅድም፤ ሥርዓቱን ከሁሉ ይበልጥ የሚያውቁት አስታራቂው ናቸው። የዋርካው ጥላ ከጋሼ ላይ ሸሽቶ ፀሐይ ጀርባውን ያዘው። ዝንብ አንገቱ ላይ ሲሰበሰብ ማንም እሽ አላለለትም። ያቺን የማዶ ልጅ፣ ከካምፑ በር ፊት፣ ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ በዓይነ ሕሊናዬ አየኋት። አባቷም እንደዚሁ ነበር የተቀመጠው ማለት ነው።

በመጨረሻ ጋሼ ራሱ ድንጋዩን ከአንገቱ ጥሎ ብድግ አለ። ድንጋዩ ተንከባሎ ከእናቴ እግር አጠገብ ቆመ። ሕዝቡ ፊቱን አዞረ፤ የተሸከመውን በገዛ እጁ የጣለ ገዳይ አይተው አያውቁም። አስታራቂው ከዘራቸውን አንሥተው ለማንም ደኅና ሁኑ ሳይሉ ወደ ቡሬ መንገድ ጀመሩ። ከኋላቸው ሮጦ ሊመልሳቸው የሞከረ አልነበረም። እጮኛውን ቆይተው ለሌላ ዳሯት።

ጠላው ባከነ። ጋሼ የቆርቆሮውን ቤት ለእናቴ ትቶ ቡሬ ወርዶ የሰው ሚኒባስ ይነዳል። እሷም አንድ ቀን እንኳ አልገባችበትም፤ ከአሮጌው ማድቤት ውስጥ ታድራለች። የሟች ወገን ነኝ ብላ አጎዛ ላይ ተቀምጣለችና ሥርዓቱን እስከ መጨረሻው ይዛዋለች፤ እሱ ከቆረሰበት ገበታ አትቆርስም፣ እሱ በጠጣበት ጣሳ አትጠጣም። የነፍስ አባቷ ልጅሽ ንስሐ ገብቷል፣ ፈጣሪ ይቅር ብሎታል ቢሏት፣ "እሱ ይችላል" ነው ያለቻቸው። ጨካኝ ናት። ስሄድ ከሁለቱ ጋር ተራ በተራ የምበላ እኔ ነኝና ይህን የማለት መብት አለኝ።

ባለፈው ፋሲካ ጋሼ በግ ይዞ መጣ። ከሩቅ ስታየው ተነሥታ መደቡን ጠረገች። ቤት እንዲገባ አልጋበዘችውም፤ የእንግዳ ቦታ ላይ ነው ያስቀመጠችው። በጉን አረደ፣ ሥጋውን እኔ ሠራሁት፣ ገበታውን መደቡ ላይ አቀረብኩለት። እናቴ ደጁ ላይ ቆማ ታየዋለች። አንድ ጉርሻ አንሥቶ በእጁ ይዞ ቀረ።

"እማዬ፣ እስከ መቼ ነው? እኔ እኮ ልጅሽ ነኝ" አላት።

"አውቃለሁ" አለችው። "ልጄ ባትሆን ይቅር እልህ ነበር።"

ነጠላዋን አጣፍታ ለፋሲካ ምሳዋ ወደ ጎረቤት ወረደች።